ዓረቧ ባዝራ የወለደችው

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለይትባረክ ይርዳው፤

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? የበረሃው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ከእማዬ ጀምሮ ሁላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ስልህ በጤና ማለቴ ነው፤ እኔስ ከደነገጥኩ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ሁለቴ ደውዬልህ ሁለቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት፤ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ።

ለዓረብ ፈረስ ያለኝን ፍቅር ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ሚዛን ተፈሪ ሳለን ከባለሱቁ የቀን መቁጠሪያ ላይ የነጩን ፈረስ ሥዕል ቀድጄ ደብተሬ ውስጥ ስደብቅ፣ የተገረፍከው አንተ ነበርክ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የዚያ ፈረስ አንገት ከዓይኔ አልጠፋም። አምና በጥር መግቢያ ዓረብ ባዝራ ከሱሉልታ ገዝቼ በአይሱዙ አስጭኜ ማሻ ሳስገባት፣ ሻጩ «ከንጹሕ ዓረብ ድንጉላ ጋር ተገናኝታለች፤ ሳትይዝ አትቀርም» ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮ «አርግዛለች» አለኝ። ሲሞን ባሌ ሣር እያጨደላት፣ እኔ ገብስ እያቀረብኩላት፣ በየቀኑ ሆዷን አብረን እየዳበስን ከረምን። አሥራ አንዱ ወር አልፎ ስትዘገይ እንኳ «ዓረብ ኩሩ ነው፤ አይቸኩልም» እያልኩ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ጎረቤቱ አጥሩን ከቦ ቆመ። ውርንጭላዋ ወጣች፤ በጨርቅ ስጠርጋት ረጃጅም እግሮቿን አየሁ፣ አንገቷን አየሁ፣ እልል ልል ነበር። ከዚያ ጆሮዋ ቀና አለ። ጋሼ፣ ያ ጆሮ ወጥቶ ወጥቶ አላልቅ አለኝ! እማዬ ጠጋ ብላ አየችና፣ «ልጄ፣ ይቺ እኮ በቅሎ ናት» አለች።

እኔ ሻጩን ስረግም ሲሞን አቋረጠኝ። «የአቶ ጌታሁን አህያ ነው» አለ። ባዝራዋ በመጣች በሳምንቷ ሲሞን ማለዳ ሲነሳ የጎረቤታችን አህያ አጥሩን ጥሶ ገብቶ አጠገቧ አገኘው። አባረረው፣ አጥሩን ጠገነ፣ ዝም አለ። «ከዓረቡ ይዛ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። በኋላ ደግሞ እየዘፈንሽ ስትቀልቢያት ሳይ አፌ ተሳሰረ» አለኝ። በቅሎዋ ካስደነገጠችኝ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ዶሮ ሲታመም እንኳ ሳይነግረኝ የማያድር ሰው፣ እጁን ከእጄ ጎን ሆዷ ላይ እያሳረፈ ዓመት ሙሉ ይህን ይዞ ኖረ!

አራት ቀን አላናገርኩትም። በገና ዕለት ከጸሎት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ባዝራዋ ልጇን ጡት ስታስጥል ወደ ዓረቡ ድንጉላ፣ ሱሉልታ፣ ራሴ እወስዳታለሁ። እስክትይዝ እዚያው እከርማለሁ። የሆነውን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ በዕለቱ ደውዬ እነግርሻለሁ» አለኝ። አልፌው ወደ ውርንጭላዋ ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ማንንም ሳይጠራ አጥሩን ከፍ ሲያደርግ አየሁት፤ ሄጄ ሚስማር አቀበልኩት።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች፤ በበቅሎዋ እሷን የሚያህል የተደሰተ የለም፣ አድጋ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳትን ቀን ትጠብቃለች። ልጄ ዮሃና ትናፍቅሃለች። ሲሞንም ሰላም ብሎሃል። አቶ ጌታሁን እንኳ አፍሮ ከሩቅ ሆኖ «ለይትባረክ ሰላም በይልኝ» ብሎኛል።

እህትህ ወሰንየለሽ ይርዳው
ማሻ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.