የእቴቴ ድምፅ፣ አሥር አሥር ሰከንድ

የካቲት 3
ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሁለቴ ልውጣ ብዬ ጠየቅሁ። መምህሯ «ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ።
ቤት ስገባ እማዬ ስልኳን ይዛ በር ላይ ቆማለች። «የእህትህን ድምፅ እዚህ ላይ አድርግልኝ።»
እቴቴ ከሞተች ሦስት ወሯ። ቁጭ ብዬ ማንበብ ስለማልችል ትምህርቴን እያነበበች ኮምፒውተሯ ላይ ትቀዳልኝ ነበር። ለየትምህርቱ አንድ ፎልደር። አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 4
የእማዬ ስልክ እነዚህን ፋይሎች አይከፍትም። መቀየር አለባቸው... መቶ ሰማንያ ናቸው። አንድ በአንድ? አልችልም። ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር። በየፎልደሩ ይገባል፣ ፋይሉን ሁሉ ይቀይራል፣ ዲስኩ ስለሞላ ዋናውን ያጠፋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ምንም መስማት የለብኝም።
ሙከራው እንዲፈጥን «የመጀመሪያውን አሥር ሰከንድ ብቻ» የሚል መስመር ጨምሬ በአንድ ዘፈን ሞከርኩት። ሠራ።

የካቲት 5
«ታሪክ»ን ጨርሶ «የሰውነት ክፍሎች» ላይ ቆመ። በስሙ መሀል ክፍት ቦታ ስላለ ሁለት ፎልደር መስሎታል። ተናደድኩ። ያለቁትን ስድስቱን የታሪክ ፋይሎች ለእማዬ ስልኳ ላይ ጫንኩላት።
ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። «ንጉሡ ጦሩን ሰብስቦ... ብላ ዝም አለች።»
ሁለተኛውም ተቋረጠ። ሦስተኛውም። የሙከራዋን መስመር አላወጣኋትም... ዋናዎቹ ደግሞ ጠፍተዋል።
«ምን አደረገ ንጉሡ?»
አላውቅም።
ስልኩ ነው አልኳት።

የካቲት 6
ኮምፒውተሩን ለኮምፒውተር መምህራችን ወሰድኩለት። ጋሽ ቀስበል ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ዲስኩን አገላብጦ ፈተሸ። «በላያቸው ሌላ ፋይል ተጽፎባቸዋል። አይመለሱም።» ከዚያ፣ «ከመስጠትህ በፊት ሰምተሃቸዋል?»
«አይ።»
«መሥራታቸውን በምን አወቅህ?»
«ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው።»
ቀስ በል እንኳ አላለኝም።

የካቲት 7
ምሳ ቆሜ በላሁ። እንዴት ብዬ ልንገራት?

የካቲት 9
ነገርኳት። ስልኩ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኩ።
«ስድስቱ ሄዱ?»
«ሄዱ።»
ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ «የቀሩትን ሳንሰማ አንዲትም እንዳታጠፋ። አብረን ነው የምንሰማው። ና፣ ተቀመጥ።»
ማጥፊያዋንም የአሥር ሰከንዷንም መስመር ሰረዝኩ። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ «የሰውነት ክፍሎች»ን ከፈትኩ። ስለ ኩላሊት። እቴቴ መሀል ላይ አሳላት፣ ውኃ ጠጣች፣ «የት ነበርን?» ብላ ቀጠለች። እማዬ «ከወገብ በላይ» ብላ መለሰችላት።
የቅጂው አሥራ አራት ደቂቃ ሲያልቅ እግሬ ደንዝዞ ነበር።