ሰዓዲያ ራሷ ያስደረገችው ዱዓ

ይድረስ ለልጄ ሙሄዲን። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በመሠረተ ትምህርት በለመድኩት ፊደል ራሴ ነው የጻፍኩልህ። ደሴ ብርዱ ጠንክሯል፤ ቡልጋሪያማ በረዶ ነው አሉ፤ ጆሮህን ሸፍን።

እህትህ ሰዓዲያ መናገር ባትችልም የሥዕል ሰሌዳ አላት፤ የፈለገችውን በጣቷ ታሳያለች። ይህን ያስተማረቻት የኮምቦልቻዋ ሲስተር አትጠገብ ናት። እኔንም «ይጠይቋትና ዝም ይበሉ፤ አይቅደሟት» እያለች ትቆጣኛለች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፤ ታውቀኛለህ።

ሐሙስ ለዱዓ ወዳጃ ተቀምጠን፣ ሁሉም የልቡን ሐጃ እየተናገረ ዱዓ ሲያስደርግ የሰዓዲያ ተራ ደረሰ። እንደ ወትሮዬ «አንደበቷን ይፍታላት በሉልኝ» ልል አልኩና ዋጥኩት። ሸህ ዘይኑልአቢዲን «ልጄ፣ ምን ሐጃ አለሽ?» አሏት። አጎትህ በሺር «ኧረ ምን ገብቷት!» አለ። እሷ ግን ሰሌዳዋ ላይ የተማሪ ቤቱን ሥዕል ነካች፤ አልበቃ ብሏት ደግማ መታችው። ወላሂ፣ ቤቱ በ«አሚን» ተናጋ! ከሁሉ አብልጦ የጮኸው በሺር ነው፤ ሰኞ ይዟት ሄዶ ያስመዘገባትም እሱው ነው። እንግዲህ ልጄ ተማሪ ናት!

አላህ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ ፎቶህን ላክልን። ሰሌዳዋ ላይ አንተ የለህም። በሚመጣው ወዳጃ ላንተ ዱዓ የምታስደርገው እሷ ናት፤ እኔ ዝም እላለሁ።

እናትህ ሸሪፋ