ገረባው የማን ነው

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የከሰሉ መጭመቂያ ዛሬም ነክሶ ያዘ። ፈታሁት፣ ጠረግኩት። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ይቅርታ ማስታወሻዬ፣ ገጽህን እያቆሸሽኩ ነው። ሙቀቱ ከአሁኑ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል።

የትናንቱ ገረባ ገብቷል። ሰው ጫቱን ቅሞ የሚጥለው ቅጠልና እንጨት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ። በርሜል ውስጥ አፍነን እናከስለዋለን፣ ፈጭተን በሞላሰስ እንለውሰዋለን፣ ጨምቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ዛፍ ያልተቆረጠበት ከሰል። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

የፋጡማ ፍየሎች በሩ ላይ ቆመዋል። ጎረቤቴ ናት። የቃሚዎቹ በርጫ ሲያበቃ ከቤት ቤት እየዞረች ገረባ ትሰበስብላቸው ነበር። አሁን እኛ እንቀድማታለን። ፍየሎቹ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። አይጮኹም። ያዩኛል ብቻ።

በሩን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ከሰዓት በኋላ

እንግዶቹ መጡ፣ ሄዱ። ከአዲስ አበባ፣ ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ሸሪኬ ዮናስ አስጎበኛቸው። እኔ ንግግር አደረግኩ። ማንም የማይፈልገውን ቆሻሻ ወደ ኃይል እንለውጣለን አልኩ። ይህን ስል አንዷ ፍየል፣ ቡላዋ፣ አንገቷን በበሩ ክፍተት አስገባች። ሳቁ፣ ፎቶ አነሷት። እኔም ሳቅኩ። የሳቄን ድምፅ ሰማሁት። ደስ አይልም።

ይሰጡናል። ትልቅ ማሽን፣ ማድረቂያ መጋዘን። ግን ጥሬ ዕቃው አስተማማኝ ይሁን ይላሉ። ስለዚህ ጫት ተራና ሰፈሩ ውስጥ የገረባ ገንዳ ይቀመጣል፣ ገንዳው ይቆለፋል፣ ቁልፉ እኛ ጋ ይሆናል። ሐሙስ ሁለታችንም እንፈርማለን። ዮ. ባጃጅ ውስጥ እየዘፈነ ሄደ። እኔ በእግሬ መጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ፋጡማ ወተት ይዛ መጣች፣ እንደ ሁልጊዜው። የጠዋት ሻዬ ከእነዚህ ፍየሎች ነው። ይህን ጽፌልህ አላውቅም። አሁን ሳስበው ገረመኝ።

ስለ ገንዳው ሰምታለች። አልተቆጣችም፣ ትቀልዳለች። ፍየሎቼንም ስብሰባ ጥራቸው፣ የታሸገ ውሃ አስቀምጥላቸው፣ አበል ክፈላቸው፣ ከዚያ አጨብጭበው ያጸድቁልሃል ትለኛለች። ለሙከራ የሰጠኋትን ከሰል ግን አመሰገነች።

«ዋላሂ አይጨስም። ደህና ነው አቦ። የምጥድበት ወተት ግን ከየት ይምጣ?»

መኖ እናፈላልጋለን አልኳት። እናፈላልጋለን። ማን ነው ይሄ «እኛ»? አየችኝ ብቻ። ልክ እንደ ፍየሎቿ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ገንዳዎቹ ቆመዋል። ዮ. ፊርማውን አልጠበቀም። ለሙከራ ነው አለ። ቁልፉን እኔ ኪስ ከተተው። ስራመድ ጭኔን ይነካኛል።

ፍየሎቹ ገንዳውን ከበው ብረቱን ይልሳሉ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ። ከዚያ ወደ ፌስታሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የቡላዋ ፍየል ሆድ ተነፋ። ፋ. ሳትሞትባት አሳረደቻት። ስደርስ ጨጓራዋ ተከፍቶ ነበር። ፌስታል ነው። ጫት የሚቋጠርበት ፌስታል፣ እንደ ገመድ ተገምዶ።

ለዮ. ነገርኩት። ይሄ የትናንት ፌስታል አይደለም፣ የወራት ነው፣ በገንዳው አታሳብ አለኝ። ልክ ነው። እኛም ገረባውን መሰብሰብ ከጀመርን ወራት ሆኖናል።

ፋ. አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምታጠባ ነበረች አለች። ወተት አልመጣም። ጥቁር ሻይ ጠጣሁ። የከፋኝ ለእሷ ነው ወይስ ለሻዬ? መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ማታ ዮ.ን ለመንኩት። ገረባው መጀመሪያ ለፍየሎቹ ይሁን። ቅጠሉንና ለጋውን ይበላሉ፣ እንጨቱ ይተርፋል፣ እንጨቱን እናክስል። ምርቱ ይወርዳል አለኝ፣ ማሽኑም አይመጣም። እኛ ካነስን ደግሞ ሰው ወደ ዛፍ ከሰል ይመለሳል፣ ያኔ ተራራው ሲራቆት የማን ፍየል ሊግጥ ነው? ይላል። አላበደም። የሚናገረው ልክ ነው። የሚያመኝም እሱ ነው። ለአንዲት ሴት ፍየል ብለህ አገር ወደ ኋላ ታስቀራለህ አለኝ። «አገር» ይለኛል። ሁለት በርሜልና አንድ የሚነክስ መጭመቂያ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፣ ረፋድ

የድጋፉ ሰዎች የውሉን ወረቀት ይዘው ሆቴል ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ያለ እኔ ፊርማ አይጸናም። እኔ እዚያ የለሁም።

ጫት ተራ ነኝ። አንተን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። ገንዳውን ከፈትኩት። ቁልፉን እዚያው ላይ ተውኩት፣ የፈለገ ይውሰደው። ስልኬ ይጠራል፣ ዮ. ነው፣ አሁንም ዮ. ነው። ማሽኑን አስባለሁ። ቀለሙ ያልተላጠ፣ የማይነክስ። አይመጣም። ጀግና የሆንኩ አይመስለኝም። የደከመኝ ይመስለኛል።

ፋጡማ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ከረጢቷን አራገፈች፣ ጎንበስ ብላ ከገንዳው ቅጠሉን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ ትለያለች። የእንጨቱን ክምር በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። አሁን የከረጢቱን አፍ በአንድ በኩል ይዛ ቆማለች። ደብተርህን አስቀምጥ አቦ ትላለች፣ በሌላው በኩል የሚይዝ ሰው የለኝም።