ያላለቀ ድራማ ቀሚስ

ጥር 12፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡00

የከፋይ ጨርቁ ከጅማ ገባ። ጥቅሉን በር ላይ ፈትቼ በፀሐይ አየሁት። ቀለሙ ልክ ነው። ድፍን አረንጓዴ፣ ሲያጋድሉት ወደ ጥቁር የሚሄድ። ሻጩ በስልክ ሲምልልኝ አላመንኩትም ነበር። አሁን አመንኩት።

ደብተሬ፣ ዜህራን ታውቃታለህ። የማታ አንድ ሰዓቱ ትርጉም ድራማ ዋና ሴት። ከመስከረም ጀምሮ ስለሷ ሳልጽፍልህ ያለፈ ሳምንት የለም። በእህቷ ቀለበት ማሰሪያ ላይ የለበሰችው ነው ይሄ። አንገቱ ደፋ ያለ፣ እጅጌው እስከ ክርን ሰፊ፣ ከዚያ በታች ጥብቅ፣ በቁልፍ የሚያዝ። ያን ቀን ገና ስትገባ "ይሄ ይሸጣል" አልኩ። ጮክ ብዬ።

የወደድኩት ነገር ከስሮብኝ አያውቅም። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ያየኋቸው የህንድ ፊልሞች ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ሻርፕ አሸጡኝ። የድሮ ካሴቶች ሽፋን ሰፊ ኮሌታ አሸጠኝ። የተኩስ ፊልም አልወድም። ሁሉም ጥቁር ሸሚዝ ነው፣ ምን ይሸጥበታል? የድራማ ክፉ ሴት እወዳለሁ። ክፉዋ በደንብ ካልለበሰች ድራማው ወድቋል።

አንድ ሕግ ነበረኝ። ካላለቀ ድራማ ልብስ አልቀዳም። ዘንድሮ አፈረስኩት። ፅጌ ናት ያስፈረሰችኝ። ብድርና ቁጠባ መ/ቤት የምትሠራው፣ ጥር 24 የምታገባው። ለስድስት ሚዜዎቿ ይሄ ካልሆነ አልፈልግም አለች። ሰፊያችን ጋሽ ኮቺቶ ልኬታቸውን ወስዷል። ዛሬ ከሰዓት መቀስ ይገባል።

ጥር 14፣ ሐሙስ። ማታ 2፡10

ከዳችን።

እኛን አይደለም፣ እህቷን። ዜህራ ፍርድ ቤት ቆማ በገዛ እህቷ ላይ በሐሰት መሰከረች። እህቷ ታሰረች። ሴቶቹ እንደየማታው ሱቄ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ነበር። ጎረቤቴ ቆሎ ሻጯ፣ ይቺ እባብ! ብላ ተነሳች።

ያውም በአረንጓዴው ቀሚስ። ሌላ ልብስ አጥታ!

በአማርኛ ድምፅ የምትሰጣት ልጅ ግን ዛሬ ከልቧ ሠርታለች። "አላውቃትም" ስትል እኔንም ቀዘቀዘኝ። በሌላው ጣቢያ ድራማ ለአሮጊቷ አክስት ድምፅ የምትሰጠውም እሷ ናት፤ ትንፋሿን ለይቼዋለሁ።

ስልኬ ጠራ። የፅጌ እናት፣ እትዬ ወርቅነሽ። አላነሳሁም። ሴትዮዋ ትቀዝቅዝ።

ጥር 15፣ ዓርብ። ቀትር

አልቀዘቀዘችም። እትዬ ወርቅነሽ ገና መዝጊያውን ሳልከፍት ደጄ ቆማለች። ፅጌ ከኋላዋ።

"አስናቀች፣ አይተሽ የለ?"

"አይቻለሁ እትዬ።"

"እና ልጄ የከሃዲ ልብስ ከቧት ጉባኤ ፊት ትቁም?"

ጨርቅ አልመሰከረም አልኳት። አልሳቀችም። ሚዜዎቹ ሲገቡ ከተማው ስድስት ዜህራ ገቡ ብሎ ነው የሚስቀው አለች። ሐቁን ልንገርህ፣ ደብተሬ፣ ተሳስታለች ማለት አልችልም። ቦንጋን አውቃለሁ። ይስቃል።

የሷ ሐሳብ፦ ሮዝ ዳንቴል፣ ኪራይ። ከፋዩን ለሌላ ሸጪው።

ከዚያ አዙራ ጨመረችልኝ። አንቺ ሰውን ታለብሻለሽ እንጂ መች ለበስሽው? ከግራጫ ጉርድ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? አለችኝ። ቆሎ ሻጯ ሳቀች። እኔ ሜትሬን ጠቀለልኩ።

ፅጌ መለኪያው መጋረጃ ኋላ ገባች። ተከተልኳት። እንባዋን በቀሚሱ ናሙና እንዳትጠርግ ነጠቅኳት፤ ከፋይ ውኃ ይይዛል። አዳራሹን እናቷ መረጠች፣ ምግቡን አክስቶቿ፣ መዘምራኑን ቤተ ክርስቲያን። ከሠርጉ ውስጥ የኔ ይሄ ብቻ ነው አለችኝ። ስድስቱ ጓደኞቿ ናቸው፤ ድራማውን አብረው ነው የጀመሩት።

እትዬ ወርቅነሽ እስከ ረቡዕ ጊዜ ሰጠችኝ። እስከዚያ ካላሳመንኳት ሮዝ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10፡00

ዳዊት መጣ። አጠገቤ ስልክ የሚጠግነው፣ ፊልም በሚሞሪ የሚጭነው። ድራማው እዚያ አገሩ ድሮ አልቋል፣ ሙሉው በቴሌግራም አለኝ አለ። ትርጉም ባይኖረውም ዜህራ ንፁህ መሆን አለመሆኗ ፊቷ ላይ ይታያል።

እንደማላይ ያውቃል። የፊልም መጨረሻ ቀድሞ የነገረኝን ሰው አላነጋግርም። አንድ የአጎቴን ልጅ ሁለት ዓመት ዘግቼዋለሁ።

"አሁን ነጋዴ ነሽ ወይስ ተመልካች?" አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እስካሁን አልለየሁትም ነበር። ነጋዴዋ ትላለች፦ እዪ። ንፁህ ከሆነች ለእትዬ ወርቅነሽ አሳዪያት፣ አለቀ። ጥፋተኛ ከሆነች ዛሬውኑ ጨርቁን ለሌላ አዙሪ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሰብኩበት። ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ መልስ እየሰጠሁ።

ምሽት 11፡30

አላይም። ምክንያቴ የተመልካች ብቻ አይደለም። ቀሚሱ የሚያምረው ዜህራ ንፁህ እስከሆነች ድረስ ከሆነ፣ እኔ ዓይን የለኝም ማለት ነው። የሷን ተከራይቼ ነበር ማለት ነው። ሰው ሱቄ የሚመጣው ለኔ ዓይን ነው። ቀሚሱ ያምራል። በማን ላይ? በሰው ላይ።

መሸጫው መንገድ ገብቶኛል። ደስ አይለኝም ግን ገብቶኛል።

ጥር 18፣ ሰኞ

ስድስቱ ተቆርጠው የተረፈ ጨርቅ አለ። ለጋሽ ኮቺቶ አንድ ጨምር አልኩት።

"ለማን ልለካ?"

"ለኔ።"

መርፌውን ከአፉ አወጣ። አስኒ፣ ለሚዜነት ትንሽ አልዘገየሽም? አለኝ። አንተም ለቀልድ ዘግይተሃል፣ ይልቅ ለካኝ አልኩት። ወገቤን ሲለካ አጉረመረመ፤ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እንዳይጠራ አስጠነቀቅኩት።

እሱ ድራማውን አይቶት አያውቅም። ስፌቱ ላይ ብቻ አስተያየት አለው፦ እጅጌውን የሳለው ሰው ሥራ ያውቃል። ይሄን ስሰማ ደስ አለኝ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ። ማታ

ደብተሬ፣ ለበስኩት። ከጠዋት እስከ ማታ። እግሬ ብቻ ነው የደከመው።

መጀመሪያ ባጃጆቹ። ከሱቄ ወጥቼ አስፋልት ሳልሻገር አንዱ ጮኸ፤ ዜህራ! እህትሽን የት አደረግሻት? ዞር አልኩ። ነገ ባንተም ላይ እመሰክራለሁ፣ ታሪፍ አልፈሃል አልኩት። ተሳፋሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ። ሰው ሊስቅብህ ሲዘጋጅ ቀድመህ ካሳቅከው የሚይዘው ያጣል።

ባንክ ገባሁ፤ ሥራ ነበረኝ፣ ግን ባይኖረኝም እገባ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ከሰሜን ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ደረሰኙን ትታ እጅጌዬን አየች። የት ነው የሚሰፋው?

ገበያ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። ከሺሺንዳ ኮረሪማ ይዛ የመጣች ሴት፣ ትልቅ ሰው፣ እጇን ጠርጋ ጨርቁን በጣቷ ጀርባ ነካችው። የማን ሥራ ናት ይቺ? አለች። የድራማውን ስም ጠራሁላት። አላውቀውም አለችኝ። የድራማ ሰው አልጠየቅኩሽም፣ የሰፋውን ነው እንጂ። ለልጇ ፈለገችው። ለልጇ!

ቀና ስል እትዬ ወርቅነሽ ከቂቤ ተራው ቆማ ታያለች። ዘንቢሏን እንደያዘች መጣች። ዙሪ አለችኝ። ዞርኩ። ደግሞ ዙሪ። አንገቱን ጎተት አደረገችው። በገበያው መሃል፣ እንደ በግ!

ከግራጫው ይሻልሻል አለችኝ በመጨረሻ።

ስድስቱስ? አልኳት።

ዘንቢሏን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። ቀጥሎ የተናገረችውን አልጠበቅኩም። ይልበሱት አለች፣ ግን አንቺም አብረሻቸው ትገቢያለሽ። ከፊት። የሚስቅ ካለ መጀመሪያ ባንቺ ይሳቅ።

ሚዜዎቹ ሃያ ምናምን ዓመታቸው ነው። እኔ ጉልበቴን ደረጃ ላይ ያመኛል።

"እሺ" አልኳት። ሳላስብ አይደለም፤ በቂ አስቤ ነው።

ለፅጌ ስደውልላት ጩኸቷ ቢሮውን ሁሉ ሳያስነሳ አልቀረም።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። ምሽት 12፡20

ዳዊት ብቅ ብሎ ሄደ። የዛሬው ክፍል እውነቱ የሚወጣበት ነው አለኝ፣ የቱ እውነት እንደሆነ ግን አፉን ያዘ። ተሻሽሏል።

ሴቶቹ ከአሁኑ ወንበር እየሳቡ ነው። ቁልፉን ለቆሎ ሻጯ ሰጥቻታለሁ። ይሄ ድራማ ከተጀመረ አንድም ምሽት አላለፈኝም።

ዛሬ ያልፈኛል። ስድስቱም ቀሚሶች ፅጌ ቤት ተሰቅለዋል፣ ልጆቹ ካውያ አግለው እየጠበቁኝ ነው። ከፋይ በፊቱ አይተኮስም። ተገልብጦ፣ በእንፋሎት፣ ሳይጫኑት ነው። ለነሱ ከተውኩት ፀጉሩን ደፍጥጠው ያንጸባርቁታል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጨርቅ የለም። ድራማ ሰኞም አለ። ማንም ምን እንደሆነ እንዳይነግረኝ ሱቁን ሁሉ አስጠንቅቄያለሁ፤ ቆሎ ሻጯን ሁለት ጊዜ።

እትዬ ወርቅነሽ አሁን ደወለች። እጅጌሽን በደንብ ቆልፊው፣ ፊት ለፊት የምትታዪው አንቺ ነሽ አለች። እሺ እትዬ።

ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ ነው። የኔውን በፌስታል ልጠቅልል፣ እሱም ገና አልተተኮሰም።