አጥንት የሌለው ቅርጫ

ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ሽሮ በዳቦ። ትናንትም። የነገውን ልንገርህ ደብተሬ? ተወው፣ ታውቀዋለህ።

አባዬን ጤ/ጣቢያ ወስጄ መለስኩት። ስኳሩ አሻቅቧል። ነርሷ ተቆጣች። ዳቦና እንጀራ ይቀንሱ፣ አትክልት ያብዙ፣ አለዚያ ይሄ የሚደነዝዝዎት እግር አይተርፍም አለችው። እዚያ እሺ እሺ አለ። መንገድ ላይ ግን ለፈለፈ። አትክልት እሳት ሆኗል፣ ደግሞም ቅጠል የፍየል ቀለብ ነው!

የፍየሉን እንጃ። እሳቱ ግን እውነት ነው። ጉልት ጠየቅኩ። በአንድ ጎመን ዋጋ ለእኔ፣ ለእህቴና ለአባዬ እራት የሚሆን ዳቦ ይገዛል። ወንዝ ዳር የሚበቅል ርካሽ አለ፤ ግን ውሃው በፋብሪካ ፍሳሽ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። አባዬን ባንዲራ አላደርገውም።

ሐሙስ 6፣ ምሳ ሰዓት

ተገኘ! ቃሊቲ ጭነት ሳራግፍ አንድ የመቂ ሾፌር ተዋወቅኩ። ጎመንና ካሮት ጭኖ ያልፋል። ዋጋው የጉልቱን ግማሽ አይሞላም! ግን አስር ኬሻ ካልወሰድክ አልቆምም አለ። አስር ኬሻ! ፍራሽ ላደርገው?

ከዚያ መጣልኝ። በሬ ለብቻው የሚገዛ ማን አለ? ሰፈሩ ያዋጣል፣ ይካፈላል። ቅርጫ! የጎመን ቅርጫ! ስምንተኛን ሁለቴ የወደቀ ጭንቅላት እንዲህ ሲያስብ!

የጎመን ብል ግን ሙድ ይይዙብኛል። ስለዚህ አልልም።

አርብ 7፣ ማታ 1 ሰ.

ቤት ለቤት ዞርኩ። ነገ ቅርጫ አለ፣ መዋጮው ትንሽ፣ አጥንት የለውም፣ ጮማም የለውም። አንድ ቃል አልዋሸሁም፣ መዝግብልኝ! ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አጥንት የለውም ሲባሉ ሁለት መደብ ያዙ።

ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ሳቅ ብለው እምቢ አሉ። ሙስሊም ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ስንካፈል ከሱቃቸው በር ሆነው ያያሉ። ይሄኛውን ይገባሉ፣ አባዬ ይሙት አልኳቸው። ወዲያው ደነገጥኩ። ይሄን መሐላ መተው አለብኝ።

ቅዳሜ 8፣ ከቀኑ 9 ሰ.

በሳቅ መጻፍ አቃተኝ! ሰፈሩ ቢላዋና ሳፋ ይዞ ወጣ። የተከራየሁት ጋሪ ሸራ ተገለጠ። ጎመን።

እትዬ አልማዝ ካሮት መዘው አሳደዱኝ።

«አንተ ቀልማዳ! በሬው የታል?»

«አጥንት የለውም ብያለሁ እኮ!»

ጋሪውን ሁለት ዙር።

ከዚያ ግን ሊበተኑ ሆነ። ብራችንን መልስ ይላሉ። ብሩ መቂ ገብቷል።

አባዬ ዱላውን ተደግፎ መጣ። የሰፈሩ ቅርጫ መዳቢ እሱ ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ባቡር ጣቢያ ዕቃ የመዘነ ዓይን፣ ለማንም አያዳላም። እግሩን ካመመው ወዲህ ጠርቶት የሚያውቅ የለም። በሬም ሆነ ጎመን፣ የመጣ ቅርጫ ሳይመደብ አይበተንም አለ። መሬት ተቀምጦ መደበ። አንድ ካሮት ከዚህ ያነሳል፣ እዚያ ያደርጋል። ሰው ሁሉ ዓይኑን እጁ ላይ ተከለ። በሬ ረሱ!

ለዕጣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር ሰጠ። ጋሽ ሸምሱ የሱቃቸውን ቁልፍ። አስራ ሁለት ዓመት እዚህ ሰፈር ስኖር ቅርጫ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ትልቁ መደብ ደረሰኝ አሉ! እትዬ አልማዝ ቆጥረው አረጋገጡ፤ እኩል ነው። ለጋሽ ሸምሱ ግን አሁንም ትልቁ የእሳቸው ነው።

እሁድ 9

እህቴ ጎመን በካሮት ሠራች። አባዬ ሳህኑን ረጅም ጊዜ አየው። ራሴ የመደብኩትን ማን ይብላልኝ አለና ጀመረ። አስጨመረ! እንደ ፍየል ጮህኩ። ዱላውን ወረወረ። ሳተኝ።

ሰኞ 10፣ ጠዋት

እትዬ አልማዝ ቀጣዩ መቼ ነው አሉ፣ ሼም የለ። አባዬም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡትን አጎቶችህን ጥራቸው፣ ቅዳሜ እኔ እመድባለሁ አለኝ።

ምን ብዬ ልጥራቸው አልኩት።

በሩ ላይ ቆሞ አሰበ፣ አሰበ።

«አጥንት የለውም በላቸው።»