አሚን የተባለበት ኪራይ

ለእትዬ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? የጉልበትሽ ሕመምስ? ለማንም አትንገር ስላልሽ እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደሴ እንደምታውቂያት ናት፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፌ ላይ ተኝቷል። ስልክ ያልደወልኩት፣ ሳልጨርስ ስለምትቆጪኝ ነው። ደብዳቤ ቢቆጡትም አይቋረጥም።

የወላጆቻችንን ሰርቪስ ቤት ኪራይ በግማሽ ጨምር ብለሽኝ የለ? የነበሽር ውል ሐሙስ ስላለቀ፣ የሰፈሩን ኪራይና የቆርቆሮውን ዋጋ ጠቅሼ መፈናፈኛ የሌለው መከራከሪያ ጻፍኩ። በሽር እንደ ሌላው ተከራይ አይደለም። ቦዩን ሳይነገረው ይጠርጋል፤ ኪራይ አሳልፎ አያውቅም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ ሲመለስ በሬን አንኳኩቶ ስለ ኳስ ይሞግተኛል። በዚህ ሰፈር ከተቆጣሁት በኋላ ተመልሶ የሚያንኳኳ እሱ ብቻ ነው። ኪራዩ ከተጨመረ ግን ከሚስቱ ከፊርደውስ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ እንደሆነ ነግሮኛል።

ሐሙስ ማታ ወረቀቴን ኪሴ ከትቼ እነበሽር ቤት ገባሁ። የፊርደውስ እናት፣ እማማ መርየም፣ ከቦሩ ሜዳ መጥተው ተቀምጠዋል። ነገር ያለ ዱአ አይጀመርም አሉና እጃቸውን ዘረጉ። እኛም ዘረጋን፤ ወሎ ተወልዶ ማን እምቢ ይላል?

አገሩን ሰላም ያርግልን አሉ፤ አሚን አልን። ዝናቡን የምሕረት ያርገው፤ አሚን። የዚህን ልጅ ቁጣ ያብርድለት ሲሉ በሽር ከሁላችን አስበልጦ ጮኸ። የእህቱን ጉልበት ይማርላት፤ አሚን። ኪራዩን ባለበት ያጽናልን፤ አሚን ብዬ ፊቴን በመዳፌ ዳበስኩ።

ፊርደውስ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ብድግ ብዬ፣ ይሄ ማታለል ነው፣ አሚን ያልኩት ለዝናቡ ነው አልኩ። እማማ መርየም ምንም ሳይደነግጡ፣ እኔ ለመንኩ እንጂ መቼ አስገደድኩህ የኔ ልጅ፤ ዱአ ተመርጦ አይመለስም፤ የኪራዩን ካነሳህ የእህትህ ጉልበትም አብሮ ይነሳል አሉኝ። በሽር ደግሞ፣ ጋሼ፣ የቁጣው ዱአ ገና መንገድ ላይ ነው መሰል አለ። እትዬ፣ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ወረቀቱ ከኪሴ ሳይወጣ በአምናው ኪራይ ፈረምኩ።

ቤቱ የሁለታችንም ስለሆነ የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። አልፈርምም ካልሽ ሄጄ አሚኔን አነሳለሁ፤ ለጉልበትሽ ግን ኃላፊነት አልወስድም።

ጉልበትሽን ማን እንደነገራቸው አትጠይቂኝ። ረቡዕ ቦሩ ሜዳ ብቅ ያልኩት ድንች ልገዛ ነበር።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ለመስቀል በሁለት እግርሽ ደጃችን ያድርስሽ፤ ተከራዮቻችንንም ያቆይልን። አሚን በይ።

ቁጡው ታናሽ ወንድምሽ