የኑሪ ሚስኮል

ግንቦት 4፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም መመሪያው። ደብተሬ፣ ሰለቸኝ። ወደ ጭነት ማመላለሻ መ/ቤታችን ስልክ የገባውን ጥሪ ሁሉ ሲስተሙ ሎግ ላይ ይመዘግባል። እኔ ደግሞ ከዚያ ሎግ ውስጥ ጥሪ ፈልጎ የሚያወጣ መሣሪያ እጠቀማለሁ። እስካሁን ብቻዬን ስለነበርኩ መመሪያ አላስፈለገውም። አሁን የኤአይ ኤጀንት፣ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ሊጠቀምበት ነው። መኪናው የት ደረሰ ብሎ ለሚደውል ሁሉ እሱ ፈልጎ ይመልሳል አሉ። ሰው ቢሆን ግራ ሲገባው ይጠይቃል። ይሄ አይጠይቅም፤ የጻፍኩለትን ያምናል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተብራርቶ ይጻፍ ተባለ።

ሙቀቱ አይጣል ነው። ቬንትሌተሩ ወረቀት ከመበተን ሌላ ሥራ የለውም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ ከሰዓት

ጉድ ሆነን ዋልን። ኤጀንቱን ሞከርነው። ፎዚያ፣ የሹፌራችን የሙሴ ሚስት፣ ከመጋላ ሰፈር ደውላ ባሌ ጠረፍ ደወሌ ገባ ወይ አለች። ሹፌሩ ሊደውል ሞክሮ አልተሳካለትም፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም ብሎ ኤጀንቱ መለሰላት። ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየጮኸች ቢሮ ድረስ መጣች። "ወላሂ ደብቃችሁኛል! ሙሴ ምን ሆነ?"

ሙሴ ምንም አልሆነም። ደወሌ ገብቶ ምሳውን እየበላ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሚስኮል አድርጓል። ሹፌሮቻችን ሲደርሱ አንዴ አስጠርተው ይዘጋሉ፤ እኛም አናነሳም። መድረሳቸውን የምናውቀው በዚያ ነው። ድሬ ውስጥ ይሄ ለማን ይነገራል? መጻፉ ትዝም አላለኝ።

አለቃዬ አቶ ደረጀ ያልተነሳ ጥሪ ቆሻሻ ነው፣ ከሎጉ እናጥፋው አሉ። ተዉ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሰው ዞር ዞር አለ። እሺ ጻፊው አሉኝ። ጻፍኩ፦ አንዴ ጠርቶ የተዘጋ የሹፌር ጥሪ ያልተሳካ ጥሪ አይደለም፤ ደርሻለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግንቦት 8፣ አርብ ምሽት

ስለ ኑሪ እዚህ ጽፌ አላውቅም። እጄ እምቢ ይለኛል።

ወንድሜ ነው። ነበር። እዚሁ መ/ቤት ሹፌር። ሲደርስ መጀመሪያ ለቢሮ፣ ወዲያው ለእናታችን ለአዬ ሚስኮል ያደርጋል። አዬ ስልኳን ስማ ታስቀምጠዋለች። ዓምና በደወሌ መንገድ አዲጋላን አልፎ መኪናው ተገለበጠ። ወዲያው አልሞተም አሉን። ያን ቀን ድሬ መብራት ጠፍቶ፣ የአዬ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ዝግ ነበር። ልጄ ድረሱልኝ ብሎ ጠርቶኛል፣ ስልኬ ዝግ ሆኖበት ነው ትላለች። ይኸው ዓመቷ፣ ስልኩን ከእጇ አላወረደችም። ስትሰግድ እንኳ ምንጣፉ ጎን ታኖረዋለች።

እሷን ከጠራ መጀመሪያ ቢሮ ደውሏል፤ ልማዱ ነው። ሎጉ ያውቃል። ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ማየቱን ፈራሁ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ፈለግሁ። የኑሪ ቁጥር፣ ያ ቀን።

ባዶ።

አልደወለም! አዬ ምንም አላጠፋችም። ሮጬ ቤት ልሄድ ቦርሳዬን አነሳሁ። ከዚያ ይሄ የሥራ አመሌ ያዘኝና የሌሎቹን ጥሪ አየሁ። የማንም የለም። ከሰዓቱ በሙሉ አንድም ጥሪ የለም። መብራቱ ሲጠፋ መዝጋቢው ማሽንም አብሮ ጠፍቷል። ደውሎ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።

ተቀምጬ መመሪያው ላይ ጨመርኩ፦ ባዶ መልስ ስታገኝ አልደወለም አትበል። መዝጋቢው በዚያ ሰዓት ይሠራ እንደነበር አረጋግጥ። ካልሠራ፣ አላውቅም በል።

አቶ ደረጀ አነበቡት። ጎበዝ አሉኝ።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ

ዋሸኋት።

ሩዝ እየለቀመች ነበር፣ ስልኩ ጭኗ ላይ። ሎጉን አየሁት፣ ኑሪ ለማንም አልደወለም፣ ስልክሽ ክፍት ቢሆን ኖሮም ለውጥ አያመጣም ነበር አልኳት። ትገላገላለች ብዬ። አልሐምዱሊላህ ትላለች ብዬ።

እጇ ሩዙ ላይ ቆመ።

"ኢልመኮ... ልጄ፣ እንዲያ ሆኖ እኔን አልጠራኝም?"

ስልኩን አጠፋችው። ፍራሹ ስር ከተተችው።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ፣ ከሱብሂ በኋላ

አልተኛሁም። እሷም።

ሰግዳ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ጎኗ ስልክ የለም። ዓመት ሙሉ ጠርቶኛል እያለች ተቃጠለች። ግን በእሷ ልብ ጠርቷት ነበር፤ በመጨረሻ የፈለገው እሷን ነበር። ያንን ነው የወሰድኩባት። ለማሽኑ አትበል ያልኩትን ለእናቴ አልኩ።

ቢሮ ሳልሄድ እነግራታለሁ። ዋሽቼሽ ነው እላለሁ። ደውሎ እንደሆነ አላውቅም፣ አዬ፣ ማንም አያውቅም እላለሁ። ብትቆጣ ትቆጣ። ስልኩንም እኔው አወጣላታለሁ፣ ቻርጅ አድርጌ።

ምንጣፉን እያጠፈች ነው። ልሂድ።